በግራጫ ብርድ ልብስ ሥር የተኛው ሰውዬ

ውድ አክስቴ፣

ይህን ደብዳቤ ቆመሽ እንዳታነቢው፤ ተቀመጪ። መሰላል ላይም እንዳትሆኚ እልሽ ነበር፣ ግን ወደ ቤት ከሄድሽ ወዲህ መሰላል የሚባል ነገር እንዳልነካሽ እናቴ በስልክ ነግራኛለች። "ቁጭ ብላ ግድግዳ ታያለች" አለችኝ። "ግድግዳውን ምን እንዳስቀየመችው እኔ አላውቅም፣ ተኳርፈዋል።" አንቺ እጅሽን አጣጥፈሽ ግድግዳ ስታዪ በሐሳቤ ልሥለው ሞከርኩ፣ አልመጣልኝም። ስለዚህ ይኸው መጻፍ ጀመርኩ።

ትምህርት ካቋረጥኩ ወዲህ ከቀለም ጣሳ ዝርዝር በቀር የጻፍኩት ነገር ስለሌለ፣ ነገሩ ወዲያና ወዲህ ቢልብሽ ታገሺኝ። በአፌ እንደማልነግርሽ ታውቂያለሽ። ጭጭዬ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ? "ይቺ ልጅ ቤት ቢቃጠል እንኳ እሳቱ ራሱ እስኪናገር ትጠብቃለች" እያልሽ ለስንቱ አውርተሻል። እውነትሽን ነው። የዛሬው ችግር ግን እሳቱን የለኮስኩት እኔው መሆኔ ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ስንነሳ ሦስት ነበርን። ጋሼ ሹፌሩ መሪው ላይ፣ አንቺ መስኮቱ ጋ፣ እኔ መሀል ማርሹ ጉልበቴን እየደበደበኝ፣ መሰላሉና ጣሳው ከኋላ እየተንኳኳ። የአውቶቡስ ድርጅቱ በአምስት ከተማ ያሉትን መናኸሪያዎቹን አንድ ዓይነት ግራጫ ቀቡልኝ፣ ግድግዳ ላይ የተሣለውንም የተጻፈውንም አጥፉልኝ ብሎን ነበር። የሥራ ክፍፍላችን የታወቀ ነው። እኔ ግድግዳውን አጥቤ ማሸጊያውን እቀባለሁ፣ አንቺ ከላይ ግራጫውን ትቀቢያለሽ፣ ጋሼ ሹፌሩ አስተያየት ይሰጣሉ።

ስለ ማሸጊያው ያስተማርሽኝን ዛሬም በቃሌ እለዋለሁ። ከጣሳ እየተረጨ የሚሣል ቀለም በውሃ ቀለም ብቻ ቢሸፈን፣ ቀን ጠብቆ ዘልቆ ይወጣል። ያ ነጩ፣ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ማሸጊያ ነው መንገዱን የሚዘጋበት። "ሳይታሸግ መቀባት ሳይታጠቡ መልበስ ነው" ትይ ነበር። እኔ ያሸግኩትን ግድግዳ አንድም ቀን ዞረሽ አይተሽው አታውቂም። "የጭጭዬን ሥራ እኔ አላይም" ትያለሽ ለሰው።

መጀመሪያው ከተማ፣ ትዝ ይልሽ እንደሆነ፣ የኋላው ግድግዳ ላይ እንደ ገመድ የተጠላለፉ ትልልቅ ፊደሎች ነበሩ፤ ቢጫና ሰማያዊ ሆነው ዙሪያቸው ጥቁር። ባልዲዬን ይዤ ላነብ ብሞክር አቃተኝ። ያልተማርኩ ስለሆንኩ ነው ብዬ ጆሮዬ ድረስ አፈርኩ። ቀስ ብዬ ጠጋ አልኩሽ።

"ምን ይላል?"

"እኔ ምን አውቄ። ግድግዳ ላይ የሚጽፍ ሰው ደብተር ያጣ ሰው ነው።"

ጋሼ ሹፌሩ ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ግድግዳውን አጠኑት። "ይህማ የኔ ሐኪም ጽሕፈት ነው" አሉ። "መድኃኒት ቤት ይዛችሁት ሂዱ፣ እነሱ ያነቡታል።"

አጠገባችን አውቶቡስ የምትጠብቅ ቦርሳ ያነገተች ተማሪ ሳቀች። "አይነበብም እኮ" አለችኝ። "ግራፊቲ ነው፤ የሚታይ ነው። ማን ማንን እንደተደገፈ ብቻ እዪ።" አውቶቡሷ መጣና ሄደች። ከዚያ በኋላ አይቻት አላውቅም፣ ስሟንም አልጠየቅኳት፤ እኔ መቼ ስም ጠይቄ አውቃለሁ። ግን እንዳለችው አየሁ። ለካ አንዱ ፊደል ደክሞት ጎረቤቱ ላይ ተጋድሟል፤ ጎረቤቱም ወገቡን ይዞ ቆሟል፤ መጨረሻ ላይ ያለችው ትንሿ ደግሞ እንደ እኔ ባልዲ እንደተሸከመች ሰው ወደ ጎን ዘንበል ብላ ሁሉንም ችላለች። ማሸጊያውን ስቀባ መጀመሪያ የተደገፉትን ሸፈንኩ፣ ደጋፊዎቹን መጨረሻ። ደጋፊው ቀድሞ ከጠፋ ሌላው የሚወድቅ መስሎኝ ነው። አንቺ ከመሰላሉ ላይ ሆነሽ "ምነው ዛሬ እንደ ዶሮ እዚህም እዚያም ጫር ጫር አልሽ?" አልሽኝ።

ሁለተኛው ከተማ ዝሆኑ ነበር። ከጣሪያው ዝናብ የሚያወርደው ቱቦ ግድግዳው መሀል ላይ ተቆርጦ ወደ ውጭ ወጥቷል፤ ሠዓሊው ያንን ቱቦ ኩምቢ አድርጎ የቀረውን ዝሆን ከኋላው ሣለው። እንደ ደረስን ዝናቡ ዶፍ ሆነ፣ ዝሆኑም ውሃውን ይተፋው ጀመር። ጋሼ ሹፌሩ የመስታወት መጥረጊያ ጨርቃቸውን ይዘው ኩምቢው ሥር ገቡና "ተባረክ ወንድሜ" እያሉ አጥበው ወጡ። እኔ ሳቄን በክንዴ አፈንኩ። አንቺ ግን አልሳቅሽም። የዝሆኑን የኋላ እግር አፍጥጠሽ ታዪ ነበር።

"ይኸውላችሁ" አልሽ። "እንዲህ ያለ ትከሻ የሠራ ሰው እግር ላይ ሲደርስ ሰነፈ። ቀለሙ ወርዶበታል፣ ጥፍሩ ጠፍቷል።"

ከዚያ ያደረግሽውን ዕድሜ ልኬን አልረሳውም። ዝናቡ ሲያባራ ትንሿን ብሩሽ አወጣሽ። የወረደውን ቀለም በምላጭ ፈቀፈቅሽ፣ ለዝሆኑ ሦስት ጥፍር አስተካክለሽ ሠራሽለት፣ እስኪደርቅም ጣሳ ላይ ተቀምጠሽ ጠበቅሽ። ሲደርቅ ተነስተሽ፣ "በይ አሽጊው" አልሽኝ።

ጋሼ ሹፌሩ አፋቸውን ያዙ። "አንቺ ሴትዮ፣ የምትቀብሪውን ነው የምታስውቢው?"

"ሞትስ ቢሆን በቆሻሻ እግር ይኬዳል?" አልሻቸው።

ያን ቀን ስለ አንቺ አንድ ነገር አወቅኩ። ብናገረው ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ። ግን እንደ ልማዴ ጭጭ አልኩ።

ከዚያ ሦስተኛው ከተማ ደረስን፣ የተኛው ሰውዬ ጋ።

መጠበቂያ አዳራሹ ውስጥ፣ ከረጅሙ አግዳሚ ወንበር በላይ፣ ግድግዳው ሙሉ ተጋድሞ ነበር። እጁን ከጉንጩ ሥር አድርጎ፣ ጉልበቱን ትንሽ አጥፎ፣ ቀይ ጫማውን አውልቆ ከእግሩ አጠገብ አስቀምጦ። ከትከሻው እስከ ተረከዙ አንዲት ጥቁር መስመር ብቻ ናት፣ አንድም ቦታ አልተቋረጠችም። የገባን ዕለት በጣም የገረመኝ ግን ሰውየው ሳይሆን ዝምታው ነበር። መናኸሪያ ሆኖ ሰው በሹክሹክታ ያወራል። ቲኬት ቆራጯ መልስ ስትሰጥ ሳንቲሙን እንኳ ሳታንኳኳ ነው የምታስቀምጠው። ያ ድምፁ እንደ ጥሩምባ የሆነው ተራ አስከባሪ የአውቶቡስ መነሻ ሊጠራ ሲል መጀመሪያ በር ድረስ ወጥቶ ነው የሚጮኸው። ምነው ብሎ የጠየቀው የለም፤ ሰው ተኝቷላ።

ጫማ ጠራጊው ደግሞ ቅሬታ ነበረው። "ሁለት ዓመት ሙሉ ጫማውን አውልቆ ፊቴ ያስቀምጣል" አለን፤ "አንድ ቀን እንኳ ጥረግልኝ አላለኝም።"

አክስቴ፣ እኔ በሰው ድምፅ የምደነግጥ ልጅ ነኝ። በዚያ አዳራሽ ተቀምጬ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዬ ወደ ቦታው ወረደ። እስከዚያ ቀን ግድግዳ ላይ መሣል ማበላሸት ይመስለኝ ነበር፤ አንቺም እንደዚያ ነበር ያስተማርሽኝ። ይሄ ሰውዬ ግን ምንም አላበላሸም። ተኝቶ ብቻ ስንቱን ሰው አስተካክሏል።

አንቺም ቆመሽ አየሽው። ረጅም ጊዜ ነው ያየሽው፣ ቆጥሬአለሁ ማለት ይቻላል። ጣትሽን በአየር ላይ ከትከሻው እስከ ተረከዙ ወሰድሽው፣ ደግመሽም ወሰድሽው። "እጁን ሳያነሳ" አልሽ፣ ለማንም ሳይሆን ለራስሽ። ከዚያ ዞር ብለሽ "በይ አሽጊው" አልሽኝና ግራጫውን ልትበጠብጪ ወጣሽ።

አሁን ነው እንግዲህ ቁጭ ማለት ያለብሽ።

አላሸግኩትም። ባዶውን የማሸጊያ ጣሳ አጥቤ ተራውን ነጭ የውሃ ቀለም ሞላሁበት። አዳራሹን ሁሉ በእውነተኛው ማሸጊያ ቀባሁ፤ ሰውየው ጋ ስደርስ ግን ጣሳ ቀየርኩ። ሁለቱም ነጭ ናቸው፣ ዓይን አይለያቸውም። የሚለያቸው ሽታ ነው፤ ያንቺ አፍንጫ ደግሞ ከሠላሳ ዓመት ቀለም በኋላ ጡረታ እንደወጣ አንቺው ራስሽ ትናገሪያለሽ። ጋሼ ሹፌሩ ግን ገቡና አሸተቱ፤ ደግመውም አሸተቱ።

"እንግዳ ነገር ነው" አሉ። "እዚህ ጥግ ላይ ማሸጊያው አይሸተኝም። ጉንፋን ይዞኛል መሰለኝ።" ከዚያ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ። "ጉንፋን ነው አይደል?"

"ይሆናል" አልኳቸው። ለጋሼ ሹፌሩ በዚያ ሳምንት የተናገርኩት ብቸኛ ቃል እሱ ነው፣ እሱም ውሸት ሆነ።

የቀረውን አብረን ነው ያየነው። አራተኛው ከተማ ሳለን የሦስተኛው ከተማ መናኸሪያ ኃላፊ ደወሉልሽ፤ እጅሽ ቀለም ስለነበረ ስልኩን ጆሮሽ ላይ የያዝኩልሽ እኔ ነኝ፤ ሁሉንም ሰማሁ።

"እመቤት፣ ሰውየው ተመልሷል።"

"የቱ ሰውዬ?"

"የተኛው።"

"ተነስቶ ነው?"

"ኧረ የት ይነሳል። ብርድ ልብስ ደርቦ ተኝቷል።"

እውነትም ተመልሰን ስናይ ብርድ ልብስ የደረበ ነበር የሚመስለው። ቀዩ ጫማ ፊት ወጥቷል፣ ከዚያ ክርኑ፣ ከዚያ አፍንጫው፤ የቀረው ከግራጫው ሥር ሆኖ እንደ ጥላ ይታያል። ተሳፋሪዎቹም አምነውበት ነበር። አንዲት እናት ለልጇ "አየሽ፣ በርዶት ነበር፣ አለበሱት" ስትል ሰማኋት። አንቺ ግን እንደዚያ አላየሽውም። ቀለም ሻጩን ረገምሽው። ጋሼ ሹፌሩም አብረው ረገሙት፣ እኔን እያዩ።

ደግመን ቀባን። እኔም ደግሜ አታለልኩሽ። አክስቴ፣ የመጀመሪያውን ጊዜ ስለ ሰውየው ብዬ ነው፤ እሱን ልትረጂልኝ ትችይ ይሆናል። ሁለተኛው ግን ፍርሃት ነበር፤ አሁን ደህና አድርጌ ባሽገው የፊተኛው ጥፋቴ ይታወቃል ብዬ ነው። ሦስተኛው ምን እንደነበረ እኔም አላውቅም። ዝም ማለት ሲቆይ እንደ ደረቀ ቀለም ነው፣ ውሃ አያስለቅቀውም።

በሁለተኛው ጊዜ ግድግዳው ውሃ ይዟል አልሽ። በሦስተኛው ጊዜ፣ አፍንጫው ለሦስተኛ ጊዜ ብቅ ያለ ቀን፣ ማንንም አልረገምሽም። አግዳሚው ወንበር ላይ፣ እግሩ ሥር ተቀመጥሽና እጆችሽን ገልብጠሽ አየሻቸው።

"እጄ ከዳኝ" አልሽ። በቃ ይችኑ። "ዓይንም እንደዚሁ ነው የሚከዳው፣ ሳይነግር።"

ከዚያ ያቺን ሰፊ ብሩሽሽን፣ እጀታዋ በጨርቅ የተጠቀለለውን፣ እኔ እንኳ እንድነካት የማትፈቅጅልኝን፣ ለጋሼ ሹፌሩ ሰጠሻቸው። "የመስታወት መጥረጊያ አድርጋት" አልሻቸው። እኔም ያን ጊዜ ልናገር አፌን ከፈትኩ። ከፍቼ ነበር፣ እውነቴን ነው። የወጣልኝ ግን "ውሃ ትጠጫለሽ?" የሚል ነው። "አልጠጣም፣ የቀረውን በርና መስኮት እናንተ ጨርሱት" አልሽና አውቶቡስ ላይ ወጣሽ። በመስኮቱ እያየሁሽ ነበር። ሰው ፊት ቀና ብለሽ የምትሄጂው አክስቴ አንገትሽን ደፍተሽ ነበር።

እጅሽ አልከዳሽም። የከዳሁሽ እኔ ነኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ስድስት ወረቀት ቀድጃለሁ።

የኔ ቃል ብቻ እንዳይሆን በሌላ ግድግዳ ፈተንኩት። ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ሽንት ቤቱ አጠገብ፣ በዚያው ቀይና ጥቁር ቀለም የተሣለ ጢማም ፊት ነበር፤ አንቺ በሄድሽበት ሳምንት እውነተኛውን ማሸጊያ አንቺ እንዳሳየሽኝ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ጎን ቀባሁት። ሲደርቅ አንቺ የበጠበጥሽውን ግራጫ ደረብኩበት። ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኑ ነው። አንዲት ጢም እንኳ አልወጣችም። ጋሼ ሹፌሩ ጠዋት ጠዋት ሄደው ያዩታል፤ "ይሄኛውስ ጨርሶ ሞቷል" ብለው ይመለሳሉ።

ከዚያ ኃላፊው ቢሮ ሄድኩ። እኔ፣ ብቻዬን። በሩ ላይ ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም፤ ቀና ብለው ሲያዩኝ በሩን ልቀባው የመጣሁ መስሏቸው "ተቀብቷል እኮ" አሉኝ።

"አውቃለሁ፣ እኔ ነኝ የቀባሁት።"

"ታዲያ?"

"ሰውየውን ያላሸግኩት እኔ ነኝ። አክስቴ አይደለችም። ሦስት ጊዜም እኔ ነኝ።"

እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። "ለምንድነው እንዲህ ያደረግሽው?"

"እሱ ካለ ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው" አልኳቸው።

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ተነስተው ወደ አዳራሹ የሚያሳየውን መስኮት ከፈቱ። ሰባ የሚሆን ሰው ተቀምጧል፣ የአንድ ሰው ሳል ብቻ ይሰማል። አንድ ሰውዬ በስልክ ጮክ ብሎ መናገር ሲጀምር አጠገቡ ያለችው ሴት በክርኗ ነካችውና ወደ ግድግዳው አሳየችው፤ እሱም "ይቅርታ" አለና ወጣ። ለማን ይቅርታ እንዳለ አልታወቀም። ኃላፊው መስኮቱን ዘጉት። እርሳቸውም ሳይታወቃቸው ቀስ አድርገው ነው የዘጉት።

"ስሚ" አሉኝ። "የበላዮቼ በሚመጣው ሐሙስ ያዩታል። እነሱን ማናገር ለኔ ተዪው። ግን ግማሽ ሰው አላስረክብም። ወይ ጨርሶ ይጥፋ፣ ወይ ጨርሶ ይታይ።"

"የትኛው ይሁን?"

"እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ? አክስትሽን ጠይቂያት።"

ይኸው ጠየቅኩሽ።

ይጥፋ ካልሽ አንድ ሙሉ የማሸጊያ ጣሳ ሳይከፈት አስቀምጫለሁ። አንቺው ቆመሽ ታይኛለሽ፣ እኔ አሽገዋለሁ፤ ሽታውንም ጋሼ ሹፌሩ ይመሰክራሉ፣ ጉንፋናቸው ድኗል። እውነቴን ነው የምልሽ፣ አላለቅስም። ካለቀስኩም ግድግዳው ላይ አይነካም።

ይታይ ካልሽ ግን ችግር አለ። ሦስት ጊዜ ስንቀባው ጆሮው ጨርሶ ጠፍቷል፣ ያቺ ረጅም መስመርም ወገቡ ላይ ተበጥሳለች። ወረቀት ላይ ሞከርኩት። የኔ ጆሮ ብስኩት ይመስላል። ጋሼ ሹፌሩም ሞከሩ፣ የሳቸውስ የመኪና ጎማ ሆነ። ከትከሻ እስከ ተረከዝ እጁን ሳያነሳ መስመር የሚያወርድ ሰው እኔ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። ለሚቀበር ዝሆን ጥፍር የሠራ ሰው ለሚተኛ ሰው ጆሮ አይነፍግም።

በየትኛውም በኩል ቢሆን ካለ አንቺ አይሆንም። ልትቆጪኝ ብቻም ቢሆን ነይ። ከሐሙስ በፊት ነይ። የጭጭዬን ሥራ አላይም ያልሽውን ግን ከእንግዲህ ተዪው፤ እያንዳንዱን ግድግዳ ዙሪና እዪብኝ፣ እኔም ጥያቄ ስትጠይቂኝ "ይሆናል" አልልሽም።

ብሩሽሽን ጋሼ ሹፌሩ መስታወት አልጠረጉባትም። አጥበው፣ በጋዜጣ ጠቅልለው፣ ይዘውልሽ መጥተዋል፤ አሁን ይህን ስታነቢ ደጅ መኪናቸው ውስጥ ናቸው። አንብበሽ ሳትጨርሺ እንዳይሰጡሽ አደራ ብያቸዋለሁ። ደብዳቤውን መንገድ ላይ ከፍተው እንደማያነቡትም ምለውልኛል፤ ግን አውቃቸዋለሁና ፖስታውን በሙጫ አላሸግኩትም። በእውነተኛው ማሸጊያ ነው፣ ሁለት ጊዜ፣ ከላይ ወደ ታች ከዚያ ወደ ጎን። በቢላ ካልሆነ እንዳልተከፈተልሽ እርግጠኛ ነኝ። ለእናቴ ስጫትና ታሽትተው። ከውስጡ አንድ ቃል እንኳ ወደ ውጭ ዘልቆ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ይህን ያስተማረኝ እጅሽ ከድቶሻል እንበል።

ዛሬ ጭጭ ያላለችው
ጭጭዬሽ